የተኛችው ቀስት

አሮጌው ዘይት ከሞተሩ ሆድ ወደ ሳህኑ የሚወርደው ሳይቆራረጥ ነው፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው። መካኒኩ ራዲዮ ከባለ አራት ጎማው ሞተር ሥር በጀርባው ተንጋሎ ይመለከተዋል። ትንሽ ቆይቶ እጁን ዘረጋና ሁለት ጣቶቹን ዘይቱ ውስጥ ነከረ፤ ወደ ብርሃኑ አውጥቶ አሻቸው። ብረት ከብረት የተፋጨበት ሞተር ዘይቱ ያብለጨልጫል፤ የዓሣ ቅርፊት ተፈጭቶ የገባበት ይመስላል። ይኼኛው አላብለጨለጨም። ሲሠራ የቆየ ማንኛውም ሞተር የሚያወጣው ተራ ጥቁር ዘይት ነበር።

«ዘቅጦ ይሆናል» አለ ለራሱ። ይኼን ያህል ጊዜ ቆሞ የብረቱ ብናኝ ወደ ታች ባይወርድ ነው የሚገርመው። ማግኔቱ ከራስጌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሳህኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢያዞረው እርግጡን ያውቅ ነበር። አላነሳውም። ሳህኑን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አደረገና ከሞተሩ ሥር ወጣ።

ራዲዮ ያሉት አፉ ስለማያርፍ ነው። ሲፈታ ያወራል፣ ሲገጥም ያወራል፣ ብሎን ጠፍቶበት መሬት ለመሬት ሲዳክር እንኳ ያወራል። ሞተሩን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ የሰፈሩን ወሬ በሙሉ ሰምቶ፣ የራሱንም ጥቂት ገመና ትቶ ነበር የሚሄደው። ያ ሁሉ ወሬ ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ባትሪ ጨረሰ» እያሉ የቀለዱበት ነበሩ፤ በኋላ እነሱም ቀልዱን ተዉት፤ ቀጥሎም ጋራዡን ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ የውሃ መስመር ጠባቂ ነበር። ከተማው የሚጠጣው ውሃ አንድም ዛፍ የሌለበትን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ በወፍራም ቧንቧ ይመጣል፤ ወንድሙ በዚህ ባለ አራት ጎማ ሞተር ቧንቧውን ተከትሎ ይሄዳል፣ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካለ ያጠብቃል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ጭምቱ ነበር የሚሉት። አንድ እናት ጭምቱንና ራዲዮን መውለዷ ሰውን ያስቅ ነበር፤ «ለሁለት የተሰጠውን አፍ ታናሹ ብቻውን ወሰደው» ይሉ ነበር። ጭምቱ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሲፈለግ ሞተሩ ቧንቧው ጎን ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ ከሞተሩ ብዙ ርቆ፣ ጥላ በሌለበት፣ ጀርባውን ለቧንቧው ሰጥቶ እንደተቀመጠ ሞቶ። ፖሊሱ ሜዳውን ግራና ቀኝ አየና «ሞተሩ ቆሞበት በእግሩ ሊወጣ ሲል ፀሐይ ጥሎታል» አለ። ሌላ ምን ይባላል? ሰዉም ይህንኑ ተቀበለ።

ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ሞተሩን የከፈተው ራዲዮ ነበር። ወንድሙ «ውስጡ የሚያንኳኳ ነገር አለ» ብሎ አምጥቶለት የዘይት ፓምፑን በገዛ እጁ ቀይሮለታል። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት የተናገረው ግን የለም፤ ያንገበገበውም ይኸው ነው። ቢሰድቡት መልስ ነበረው። ሰዉ ግን ሳይጣላው፣ ሰላምታውንም ሳይነሳው፣ ሞተሩን እየገፋ በጋራዡ በር አልፎ ወደ ሌላ መካኒክ ይሄዳል። ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍል የሚኖሩት እናታቸው እንኳ ምግቡን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው መስታወቱን ሁለቴ ያንኳኩና ፊቱን ሳያዩ ይመለሳሉ።

ሞተሩ ከሜዳው በጭነት መኪና መጥቶ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። ራዲዮ ዓመቱን ሙሉ ዞሮት ያልፍ ነበር እንጂ ሸራውን አልነካውም። ከፍቶ ቢያየው የራሱን ጥፋት በዓይኑ ሊያይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንጀት አልነበረውም።

የወንድሙ ሚስት ባትመጣ ኖሮ ዛሬም አይነካውም ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ የጋራዡን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ሳትቀመጥ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር የተናገረችው።

«ትልቋ ልጅ የአባቷን ሥራ ይዛለች።»

ራዲዮ መፍቻውን አስቀመጠ። እንኳን ደስ ያለሽ ይበል፣ ወይስ እንዴት ትፈቅጂላታለሽ ይበል? ዱሮ ቢሆን ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላቸው ነበር።

«መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሞተር የለኝም ብሏታል» አለች ቀጥላ። «በዚያው ነው የምትሄደው።»

«እትዬ…»

«ከመቆሙ በፊት የሚናገር ነገር ግጠምበት። የዘይቱን ግፊት የሚያሳይ መለኪያ አለ አሉኝ። እሁድ ከሰዓት እንመጣለን፤ አስነስተህ አሳየኝ። በዓይኔ ነው ማየት የምፈልገው።»

በዓይኔ ያለችው ቃሉን አላምነውም ማለቷ እንደሆነ ገባው። አልከፋውም። በእሷ ቦታ ቢሆን እሱም አያምንም ነበር።

እነሆ እሁድ ሆነ፤ ጎረቤት ያሉት ሱቆች ተዘግተዋል፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ አመድ ነው። ራዲዮ ማጣሪያውን ቀየረ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ሲሞላ ያደረውን ባትሪ ቦታው መለሰ። ከማጣሪያው ጎን፣ ዘይቱ ከፓምፑ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ላይ፣ በትንሽ ብሎን የተደፈነ ቀዳዳ አለ። ብሎኗን በጥንቃቄ ፈታት። የግፊቱን ልክ የምትልከው ሴንሰር የምትገባው እዚያ ነው፤ አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ቁራጭ ናት፣ ከኋላዋ አንድ ሽቦ ይወጣል። መለኪያው ራሱ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማይሰፋ ክብ ነገር ነው፤ ቀይ ቀስት አለችው። ከአሮጌ የዘይት ጣሳ መያዣ ቆርጦ መሪው ላይ አሠረው። የሚነዳው ሰው ቀና ሳይል እንዲያየው አድርጎ፣ ሁለቴ አስተካከለው። እጁ ሥራውን አልረሳም ነበር።

ሴንሰሯን ከማስገባቱ በፊት መደርደሪያው ላይ የነበረውን ነጭ ጥቅል አነሳ። የቧንቧ ሠራተኞች ቴፍሎን የሚሉት፣ እንዳያፈስ የብሎን ጥርስ ላይ የሚጠቀለል ስስ ጥብጣብ ነው። የመካኒክ ዕቃ አይደለም፤ የወንድሙ ነው። ጭምቱ ኪሱ ያለዚህ ጥቅል ውሎ አያውቅም፤ ሻይ ሊጠጣ ተቀምጦ እንኳ አውጥቶ በጣቱ ያሽከረክረው ነበር። ጋራዡ የመጣ ቀን ሁሉ፣ ራዲዮ ብሎን ሲያጠብቅ ካየ፣ ከአፉ የምትወጣው አንዲት ንግግር ነበረች፦ «ጠቅልለው፣ ያልተጠቀለለ ያለቅሳል።» ራዲዮ ይስቅበታል፤ ይህ ሞተር ነው እንጂ ቧንቧ አይደለም ይለዋል፤ ግን ሳያውቀው ልማዱ ተጋባበት። አሁንም ሳያስብ የሴንሰሯን ጥርስ ደህና አድርጎ ጠቀለለ፣ ወንድሙ እንደሚያደርገው ጫፉን በጥርሱ በጠሰ፣ አስገብቶ አጠበቀ።

ከዚያ የሚቀረው ማስነሳት ብቻ ነበር። ለማስነሳት ደግሞ ብዙ ቆየ። እጁን ታጠበ፣ ወለሉን ጠረገ፣ የተጠረገውን ደግሞ ጠረገ። በመጨረሻ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አጓራ፣ ተወው፤ ሁለተኛ ሲነካው ተነሳ።

ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም።

ዜሮ ላይ ተኝታ ቀረች። ራዲዮ መለኪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ አልተነሳችም። ሞተሩን ቶሎ አጠፋና ወለሉ ላይ፣ የጠረገው ቦታ ላይ፣ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ይኸው። ፓምፑ ዘይት አይገፋም። ወንድሙን ሜዳ ላይ ያስቀረው የእሱ እጅ ነው። ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የነበረው ነገር መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ የሚያስገርመው ግን ከሐዘኑ ጋር አንድ የእረፍት ስሜት አብሮ መምጣቱ ነው። ከእንግዲህ መጠራጠር የለም። እናቱም ልክ ናቸው፣ ሰዉም ልክ ነው። እንባው መጣና ተወው፣ ይውረድ አለ።

ግን መካኒክ ነው። እንባው ሳይደርቅ ጆሮው አንድ ነገር አስታወሰው፦ የሞተሩ ድምፅ። ዘይት የማይደርሰው ሞተር እንደዚያ ለስልሶ አይሄድም፤ ያንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ያቃስታል። ተነሳ። ከሞተሩ አናት ላይ አንዲት ብሎን ላላ አደረገና አስነስቶ ጠበቀ። ዘይቱ በብሎኗ ዙሪያ ግንፍል አለ፤ አዲስ፣ ማር የመሰለ ዘይት። አናት ድረስ ወጥቷል ማለት ነው። ታዲያ ቀስቷ?

ጥቅሉን አየው። ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሴንሰሯ አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያላት፤ የኤሌክትሪኩ መመለሻ የገዛ ጥርሷ ነው፤ ነሐሱ የሞተሩን ብረት ሲነካ ብቻ ነው መለኪያው የሚሰማት። እሱ ደግሞ ቧንቧ ይመስል ጀቡኖ ጠቅልሏታል። ይህን ስህተት የትም አገር ያለ መካኒክ አይሠራውም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ወንድም ያለው መካኒክ ካልሆነ በቀር።

ፈታት። ጥብጣቡን በቢላ ጫፍ ፍቆ አወለቀ፣ በምትኩ ቀጭን የመዳብ ቀለበት አድርጎ መልሶ አጠበቃት። አስነሳ።

ቀስቷ ተነሳች። ሽቅብ ወጥታ መለኪያው መሃል ላይ ቆመች፣ ነዳጅ ሲሰጠው ከፍ አለች፣ ሲለቀው ቀስ ብላ ወረደች። ራዲዮ ሞተሩ እስኪግል ድረስ ጠበቀ፤ የደከመ ፓምፕ የሚታወቀው ዘይቱ ሲቀጥን ነውና። ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። የበለጠ ጠበቀ። ንቅንቅ አላለችም። በዚህ ሞተር የአገሩን ሜዳ ሁሉ ዞሮ መመለስ ይቻላል።

ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ብቻውን፣ በዘይት እጁ ፊቱን እያበሰ ሳቀ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ፓምፑን በትክክል ነው የገጠመው። ሞተሩን አጥፍቶ ጨርቅ እንኳ ሳያነሳ ግቢውን በሩጫ አቋረጠና የእናቱን በር በክርኑ ገፋው።

እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጭምቱን ካፖርት እየቦረሹ ነበር። ብርድ ስለሌለ ካፖርቱን ለብሶት የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን በየሳምንቱ ይቦርሹታል። ቀና ብለው አዩት። ዓመት ሙሉ ያልሰጡትን ፊት፣ በድንጋጤ፣ ሰጡት።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«እማዬ፣ ሞተሩ…»

«ሞተሩ ምን?»

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ደህና ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ እማዬ፣ ድሮም ደህና ነበር። ይህንን ብቻ ነው ሊናገር የመጣው። አፉን ከፈተ፤ ከከፈተ በኋላ ግን ቀጣዩን ጥያቄ ከእናቱ አፍ ሳይወጣ ሰማው። ደህና ከነበረ ልጄ ለምን ከላዩ ወረደ?

ሞተሩ የተገኘበትን ቀን አሰበ። ነዳጁ ከግማሽ በላይ ነበር፤ ይህን ሁሉም አይቷል። ቁልፉ ጠፍቶ፣ ተነቅሎ፣ ወንድሙ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነበር። ውሃውስ? የውሃው ጀሪካን ከሞተሩ ኋላ እንደታሰረ ነበር፤ ሙሉ። ሞተሩን መኪናው ላይ ሲጭኑ ከበደና ራዲዮ ራሱ ነው ፈትቶ አሸዋው ላይ የደፋው። ሞተር የቆመበት ሰው በዚያ ፀሐይ በእግሩ ሲነሳ ውሃውን ትቶ አይሄድም። ይህን እስከዛሬ አስቦት አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው እያለ ሌላ ነገር የሚያስብበት ቦታ አልነበረውም።

«ተናገር እንጂ» አሉ እናቱ። «አፍ የለህም እንዴ?»

አያቸው። የሚቀየሙት ሰው ያላቸው እናት ናቸው። በዚያ ቂም ነው ጠዋት የሚነሡት፣ በእሱ ነው ማታ የሚተኙት። ይህን ከእጃቸው ከወሰደባቸው ምን ይሰጣቸዋል?

«ውሃ» አለ። «ውሃ ጠምቶኝ ነው።»

እናቱ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ካፖርቱን አስቀምጠው ተነሱ፣ ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድተው አመጡለት። መስኮት ላይ አላስቀመጡትም፤ በእጁ ሰጡት። ጣታቸው ጣቱን ነካው። ራዲዮ ውሃውን ቆሞ ጨለጠው፣ ብርጭቆውን መለሰ፣ ጣቱ ያተመበትን የዘይት አሻራ አይቶ «ይቅርታ» አለና ወጣ።

ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ትኩስ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ራዲዮ አጠገቡ ቆሞ ወንድሙ ሞተሩን ያመጣበትን ቀን እንደገና አየው። ዓመት ሙሉ ያን ቀን ሲያስበው የሚያየው የገዛ እጁን ነበር፤ የትኛዋን ብሎን ሳላጠብቅ ቀረሁ እያለ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። ጭምቱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፂሙን አልተላጨም፣ ጥቅሉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ውስጡ የሚያንኳኳ ነገር አለ።»

ራዲዮ አስነስቶ አዳመጠ። ምንም የለም። «ጋሼ፣ እንደ ሰዓት እኮ ነው የሚሄደው! ጆሮህን ነው መታየት ያለብህ» ብሎ ሳቀ።

«ላንተ አይሰማህም» አለ ወንድሙ። «ማታ ማታ ነው የሚብሰው።»

ማታ ማታ። ማታ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ተቆልፎ፣ በረንዳ ሥር የሚያድር ዕቃ ነው። ራዲዮ ይህን ሰምቶ ነበር፤ ሰምቶም ቀልዶበት ነበር፤ «ማታማ ጅብ ነው የሚያንኳኳልህ» ብሎ ነበር። ወንድሙ ፈገግ አለ። ከዚያ ራዲዮ፣ ነገሩ እንዲያበቃ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ የዘይት ፓምፑን ቀየረለት። ማታ ማታ ለሚያንኳኳ ነገር የዘይት ፓምፕ ቀየረ። ሲጨርስ ወንድሙ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «ልጅቷን መንዳት አስተምራት፣ እኔ አይመቸኝም» አለው። እሺ አለው። ስለ ምን ሲያወራ እንደነበር ራዲዮ አሁን አያስታውሰውም፤ ብዙ ነገር አውርቷል። ወንድሙ ጥቅሉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ረስቶት ነው ብሎ ነበር ያኔ።

መካኒክነቱ ዛሬ ነጻ ወጥቶ ነበር፤ ወንድምነቱ ግን ገና አሁን ተያዘ።

የግቢው በር ሲንኳኳ ጥቅሉ በእጁ ነበር። መቼ እንዳነሳው አላወቀም። «መጣሁ!» ብሎ ጮኸና ቶሎ ሴንሰሯን ፈታ፤ ትኩስ ዘይት መዳፉ ላይ ፈሰሰበት፣ አቃጠለው። የመዳቡን ቀለበት አውጥቶ ጥርሷን ጠቀለለ፣ ደግሞ ጠቀለለ፣ ጫፉን በጥርሱ በጠሰ፣ አስገብቶ አጠበቀ። የፈሰሰውን በጨርቅ አብሶ በሩን ከፈተ።

የወንድሙ ሚስት ቀድማ ገባች፤ ልጅቷ ከኋላዋ። ልጅቷ የመሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች፤ ትከሻው ይሰፋታል። ቁመናዋ የአባቷ ነው። «ደህና ነህ አጎቴ?» ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ ከቤተሰቡ እስካሁን የምትስመው እሷ ብቻ ናት። እናትየዋ ሞተሩን አየችና ዓይኗን ሰበረች፤ ከዚያ እንደ ምንም መልሳ አየችው።

«አስነሳው» አለች።

አስነሳ። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ሦስቱም መለኪያው ላይ አጎነበሱ። ቀይዋ ቀስት ዜሮ ላይ ተኝታለች።

«ይኼ ምን ማለት ነው?»

«ዘይቱ አይደርስም ማለት ነው» አለ ራዲዮ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ፓምፑ አይገፋም። ለትንሽ ጊዜ ይሄዳል፤ ሲግል ግን ይቆማል።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

ልጅቷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥ ነበር። «ድምፁ ግን ደህና ነው እኮ» አለች። «በዓይንሽ አትመኚ፣ በጆሮሽ ስሚው ብለህ አይደል ያስተማርከኝ?»

«ተሳስቼ ነው ያስተማርኩሽ።»

ልጅቷ አየችው። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ የእናቷን ፊት አየችና ተወችው።

የእናትየዋ ፊት ተለውጦ ነበር። አልተቆጣችም፤ ራዲዮ ቁጣ ነበር የጠበቀው፣ ለቁጣ ነበር የተዘጋጀው። እጇን የባሏ መቀመጫ ላይ አሳርፋ፣ ሲጫናት የኖረ ሸክም የወረደላት ሰው እንደሚያደርገው፣ ትከሻዋን ቀስ ብላ ወደ ታች ለቀቀች።

«ያን ቀን ጠዋት» አለች፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ «ከበሩ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አየኝ። ተመልሶ የማየት ልማድ አልነበረውም። ዓመት ሙሉ ያንን ነው የማየው። ጥሎኝ የሄደ ይመስለኝ ነበር። ምን በደልኩት እያልኩ ነው የማድረው።»

ራዲዮ መለኪያውን አየ።

«ውሃውን እኔ ነኝ ሞልቼ ያሰርኩለት» አለች። «ጀሪካኑ ባዶውን ነው የተመለሰልኝ። ጠጥቶታል፣ አይደል?»

«ጠጥቶታል እትዬ።»

«ሁሉንም?»

«ባዶ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ፈሰሰ፤ አላበሰችውም። ራዲዮ ከኪሱ የራሱን ሞተር ቁልፍ አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት፤ በዚህኛው አትሄጂም፣ የኔን ውሰጂ፣ ይኼኛው ብረት ነው ከእንግዲህ፣ ብረት ሆኖ ይሸጣል አላት። ልጅቷ ቁልፉን ተቀበለችው፤ ዓይኗ ግን ከሞተሩ ጎን፣ ሴንሰሯ ሥር፣ እንደ ክር ብቅ ያለች ነጭ ነገር ላይ ነበር። ከዚያ ጃኬቷን ሰብስባ ወደ ደጅ ወጣች።

እናትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይቅር አልልህም» አለች። «ልዋሽህ አልፈልግም፣ ይቅር አልልህም። ግን እንቅልፌን መልሰህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«ለእማማም እነግራቸዋለሁ። በዓይኔ አየሁት እላቸዋለሁ። እሳቸውም ይረፉ።»

ግቢውን ስታቋርጥ ጀርባዋን አየ፤ ፈጠን ብላ ነበር የምትሄደው፣ ዱሮ የምታውቀውን አረማመድ ያገኘች ትመስላለች። የእናቱ በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያስረዳ። ከዚያ የእናቱ፤ ያ ድምፅ ቃል አልነበረበትም። መስኮቱ ላይ ትንሽ ቀደም ብለው በእጁ የሰጡት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል።

ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ማንም ያጥፋው ያለ አልነበረምና እስካሁን ይሠራል፤ ለስልሶ፣ ሳይደናቀፍ፣ ቀስቷ ዜሮ ላይ እንደተኛች። ራዲዮ ቁልፉ ላይ እጁን አደረገ፤ አላዞረውም። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ወንድሙ ባመጣው ቀን እንዳላደረገው አፉን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ትኩሱ ብረት አስጠጋ፤ የሚያንኳኳው የት ጋ እንደሆነ መፈለግ ጀመረ።